ሙሴ እንድሪያስ እጃቸውን ያሰሩበት ክረምት

ሙሴ እንድሪያስ በምድር ባቡር ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያገለግሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የተናገሩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ይባላል። አንዴ በሠርጋቸው ቀን ሚዜያቸው ቀለበቱ ጠፋብኝ ሲላቸው፤ አንዴ ደግሞ አዋሽ ጣቢያ ላይ ዝንጀሮ ምሳቸውን ከነሳህኑ ይዞባቸው ጣሪያ ላይ ሲወጣ። ከዚያ በተረፈ የዚህን ዓለም ጉዳይ ሁሉ የጨረሱት በክንዳቸው ነው።

ሥራቸው ፉርጎ ከፉርጎ ማያያዝ ነበር። ነጂው ከፊት ተቀምጦ ኋላውን አያይም፤ የሞተሩ ጩኸት ደግሞ እንኳን የሰው ድምፅ የራስን ሐሳብ አያሰማም። ስለዚህ ሙሴ ሐዲድ ዳር ቆመው በክንድ ያወራሉ። ክንድ ሽቅብ ቀጥ ካለ «ቁም» ነው፤ ከጎን ወደ ጎን ከተወዛወዘ «ቅረብ» ነው፤ ሁለት መዳፍ ከተቀራረበ «ይህን ያህል ቀርቶሃል» ነው። ነጂውም አጭር ፊሽካ ነፍቶ «አየሁ» ይላል። ምልክት አይተው ሳይመልሱ ዝም ማለት በዚያ ሥራ ከስድብ የባሰ ነውር ነበር። አንድ ባልደረባቸው ክንዱን ማንሣት ትቶ «ቁም!» ብሎ ቢጮህ ነጂው ሳይሰማው ቀርቶ፣ እግሩ ፉርጎ ሥር ሲቀር ሙሴ በዓይናቸው አይተዋል። ከዚያን ቀን ወዲህ አፍ የሚባለውን ነገር ብዙም አላመኑትም።

«ሙሴ» የምትለዋ ማዕረግ ፈረንሳይኛ ይናገሩ ከነበሩት የባቡር አለቆች ዘመን የተረፈች ናት። ባቡሩ ቆሞ፣ ሐዲዱ ላይ ፍየል መተኛት ከጀመረም በኋላ ማዕረጉ አልቆመም።

እንግዲህ ከአገሩ ሰው ሁሉ ተመርጦ፣ መናገር ያቃታት ልጅ የተሰጠችው ለእኚህ ሰው ነው።

ሎዛ የልጃቸው የሮማነወርቅ ልጅ ናት፤ ስድስት ዓመት ከመንፈቋ። ጆሮዋ ሰላም ነው፤ የሚሏትን ሁሉ ትሰማለች፣ ይገባታልም። ቃሉ ግን ከጉሮሮዋ አልወጣ ብሎ ኖረ። እናቷ ሰመራ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ እዚያው ሰመራ ሉላ የምትባል የንግግር ባለሙያ ተገኘችና ልጅቱ ዓመቱን ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን ስትለማመድ ከረመች። ሰኔ ላይ አሥራ አንድ ቃል ነበራት። አሥራ አንድ! እናቷ አንድ በአንድ ጽፋ የማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋቸዋለች።

ሐምሌ ሲገባ የሉላ ክፍል ለክረምት ተዘጋ፤ ሉላም ወደ ቤተሰቧ፣ ወደ ኮምቦልቻ ወጣች። ሮማነወርቅ ፈቃድ ጠይቃ ተከለከለች። የሰመራ ሐምሌ ደግሞ ልጅ ቆልፈውበት ቢሮ የሚሄዱበት ሐምሌ አይደለም። ስለዚህ ሎዛ ከነሥዕል ካርዶቿና ከነሰማያዊ ደብተሯ አዋሽ፣ አያቷ ዘንድ መጣች።

«አባዬ፣ በደንብ ስማኝ» አለች ሮማነወርቅ፣ ሚኒባሱ ሊሄድ ሲል። «ነሐሴ ሃያ ስምንት ሉላ ትፈትናታለች። ማንም ሳይነግራት፣ ማንም ሳይጠቁማት፣ ሦስት ነገር በራሷ አፍ ጠይቃ ከተቀበለች መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ትገባለች። ካልሆነ እንደ አምናው ትቀራለች። አምና ከሕፃናቱ ጋር ጉልበቷ ጠረጴዛው ሥር አልገባ ብሎ ነው የተማረችው።»

«ሦስት ነገር ምን አላት! አሥራ አንድ ያላት ልጅ።»

«ይጠፋል እኮ አባዬ! ሁለት ወር ዝም ካለች ከዜሮ ነው የምትጀምሩት ብላኛለች።»

«ደብተር አለ አይደለም?»

«አለ።»

«የተጻፈ መመሪያ ካለ እኔ ዘንድ ባቡር ከሐዲዱ አይወጣም።»

እውነትም ያን ደብተር እንደ ሥራ መመሪያ መነጽራቸውን ጠርገው፣ ጣታቸውን እያስከተሉ አነበቡት። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቁሞ አፍን ማላወስ። ብርጭቆ ውስጥ በስትሮ እየነፉ ውሃውን ማንተክተክ። ካርድ ማሳየትና መጠበቅ። ሎዛ መስታወቱን ስታይ አለቀሰች፤ ካርዶቹን አልጋ ሥር ወረወረቻቸው። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቃል አልወጣም፤ ሙሴም ላብ በላብ ሆኑ። በአራተኛው ቀን ገጽ አራት ላይ አንዲት መስመር አገኙ፦ «ቃሉን ስትነግሯት በእጅ ምልክት አግዟት።»

«እንዲህ በሉኛ!» አሉ ሙሴ ብቻቸውን።

በእጅ ምልክት! የሠላሳ አንድ ዓመት እንጀራቸው! ተነሡና ግቢው መካከል ቆመው ክንዳቸውን ከጎን ወደ ጎን አወዛወዙ። ሎዛ እያየቻቸው ሳቀች፤ እየሮጠች መጣች። ክንዳቸውን ሽቅብ ሰቀሉ፤ ቀጥ ብላ ቆመች። እሷም ክንዷን ሰቀለች፤ እሳቸውም ቆሙላት። ያን ዕለት እስከ ምሳ ሁለቱም አልተቀመጡም። በሳምንቱ አውራ ጣት ወደ አፍ «ውሃ»፣ መዳፍ በሆድ ላይ «ራበኝ»፣ ሁለት ጡጫ ሲጋጭ «እንሂድ» ሆነ። ልጅቱ እሳት ናት፤ አንዴ ያየችውን አትረሳም።

ጎረቤታቸው አምለሰት በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «ሙሴ፣ ልጅቱን ለትራፊክ ፖሊስነት ነው እንዴ የሚያሠለጥኗት?» አለች።

ሐሰን ደግሞ ከእሷ ባሱ። ሐሰን ያኔ በሙሴ ክንድ ሃያ ዓመት ባቡር የነዱ ሰው ናቸው፤ ከሰዓት ከሰዓት ጫታቸውን ይዘው ሙሴ ግቢ ካለው ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ሎዛ ክንዷን ባነሣች ቁጥር «ፉፍ!» ብለው እንደ ፊሽካ ይመልሱላታል። «ወላሂ ሙሴ፣ ከአንተ ትሻላለች! አንተ ክንድህን ስታነሣ አንድ ሰዓት ነበር የሚፈጅብህ።»

ሮማነወርቅ ስትደውል፣ «እንዴት ናት?» ትላለች። ሎዛ ዱሮም ስልክ ላይ አትተነፍስም።

«ሁሉን ትጠይቀኛለች፤ ሁሉን እሰጣታለሁ» ይላሉ ሙሴ። ውሸት አልነበረም። ከሚስታቸው ሞት ወዲህ ቤታቸው እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

ነሐሴ ሁለት ቀን፣ ከምሳ በፊት፣ ሉላ ደወለች። ሐምሌን ሙሉ ከኮምቦልቻ ስትሞክር አንዴ ኔትወርክ የለም፣ አንዴ መብራት የለም ሲባል ቆይቶ መስመሩ ገና ዛሬ ገባላት።

«አባባ እንድሪያስ፣ ሎዛዬ እንዴት ናት?»

«እጅግ ጥሩ! ጠይቃ የማትቀበለው ነገር የለም።»

«ተባረኩልኝ! እስቲ ልስማት። ስልኩን ላውድ ላይ ያድርጉትና ውሃ ይያዙ። እስክትጠይቅዎ ይጠብቁ።»

ሙሴ ጠርሙሱን ያዙ። ሎዛ አየችው። አውራ ጣቷን ወደ አፏ አደረገች፤ ክንዷን ከጎን ወደ ጎን አወዛወዘች። ሙሴ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ ሰጧት። ልጅቱ ጠጣች። ስትውጥ የጉሮሮዋ ድምፅ ብቻ ስልኩ ውስጥ ገባ።

«አሁን ምን ተደረገ?» አለች ሉላ።

«ጠየቀች፤ ሰጠኋት።»

«እኔ እኮ ምንም አልሰማሁም።»

«ጠይቃለች እንጂ!»

«በምኗ ጠየቀች፣ አባባ?»

ሙሴ ወደ ልጅቱ ዞሩ። ሎዛ ባዶ ጠርሙሱን ይዛ ፈገግ ብላ ቆማለች። ግቢው ጸጥ ያለ ነው። ያን ጊዜ ነው የታወቃቸው፤ ግቢው ወር ሙሉ ጸጥ ያለ ነው።

«በክንዷ» አሉ በመጨረሻ። «ደብተሩ ላይ፣ ገጽ አራት ላይ…»

«ቃሉን ስትነግሯት በእጅ አግዟት ነው ያልኩት። ቃሉስ?»

ሉላ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣቸው ይሻላቸው ነበር። አሥራ አንዱን ካርድ አንድ በአንድ እንዲያሳዩ አደረገቻቸው። ኳስ፤ ዝም። ድመት፤ ዝም፣ በጣት የጢም ምልክት። ውሃ፤ አውራ ጣት። ከአሥራ አንዱ ሦስት ብቻ ተረፉ፦ «አባባ»፣ «ና» እና «እምቢ»።

«ስንት ቀን አለን?» አሉ ሙሴ።

«ሃያ ስድስት። ከዛሬ ጀምሮ ክንድ የለም። ምልክት ብታሳይዎ እንዳላዩ ይሁኑ፤ ቃሉን አንዴ በለሆሳስ ይንገሯትና ይጠብቁ። ጨክነው ይጠብቁ። ለሮማን እኔ ልንገራት?»

«እኔ እነግራታለሁ።»

አልነገሯትም።

እንዳላዩ መሆን ቀላል ይመስላል። ሎዛ ፊታቸው ቆማ መዳፏን ሆዷ ላይ ስታደርግ የሙሴ እጅ ከእሳቸው ቀድሞ ወደ ዳቦው ይሄዳል። አንዴ መለሱት። ሁለቴ መለሱት። ሦስተኛው ላይ ዳቦው ልጅቱ አፍ ውስጥ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠለጠነ እጅ ትእዛዝ አልቀበልም አለ። ሐሰንን ጠሩና ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አዞሩ።

«እሰረኝ።»

«ምን?»

«በፎጣህ እሰረኝ። ምሳ እስኪያልቅ።»

ሐሰን ትከሻቸው ላይ የማትጠፋውን ፎጣ አውርደው አሰሩ። «ያ አላህ! ስንቱን ፉርጎ ያሰረ ሰውዬ» አሉ፤ ግን አልሳቁም። ሎዛ መጥታ ቆማ ነበርና።

ክንዷን አነሣች። ሙሴ ዝም። ከፍ አድርጋ አነሣች። «ዳቦ» አሉ ሙሴ በለሆሳስ፤ ከዚያም ጠበቁ። ወደ ሐሰን ዞረች፤ ሐሰንም መሬት መሬት አዩ። ልጅቱ አንዱን ሽማግሌ፣ ከዚያ ሌላውን እያየች ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታውቀው ዓለም በአንድ ጊዜ ዕውር ሆነባት። ጮኸች። ሙሴን በጡጫዋ ደረታቸውን ደበደበች። ያን ቀን ምሳ አልበላችም፤ በማግስቱም አልበላችም።

አምለሰት አጥሩን ጥሳ ልትገባ ምንም አልቀራት። «ልጅ አስርቦ ቋንቋ ማስተማር የት አገር ነው? ፍልሰታ የሕፃናት ጾም ነው ሲባል እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር!»

«አምለሰት፣ እባክሽ…»

«እኔ እንደ እርስዎ ድንጋይ አይደለሁም! ነይ ሎዛዬ፣ ነይ የኔ ቆንጆ።» በአጥሩ በኩል ሙዝ አቀበለቻት። ልጅቱ ክንዷን ስትሰቅል ሁለተኛም ሰጠቻት።

ሦስት ቀን ሙሉ እንዲያ ሆነ። ሙሴ ይጠብቃሉ፤ ሎዛ አጥሩ ዘንድ ሄዳ ክንዷን ታነሣለች። በአራተኛው ቀን ሐሰን ተነሥተው አጥሩ ጋ ሄዱ።

«አምለሰት፣ ሙዝሽን አልነካብሽም። አንድ ነገር ልንገርሽ። ይህን ሰው ጎረምሳ ሆኖ አውቀዋለሁ፤ ሚስቱን ሲቀብር አብሬው ነበርኩ። እንባ አላየሁበትም። ትናንት ፎጣዬን ስፈታለት ግን ፊቱ ርሶ ነበር። ልጅቱ መስከረም ላይ ደብተር ይዛ ከእኩዮቿ ጋር እንድትሄድ ነው። ይህን ሙዝ ወይ ለእሱ ስጪው፣ ወይ ለዝንጀሮ ስጪው፤ ለእሷ ግን በአፏ ሳትጠይቅሽ አትስጫት።»

አምለሰት አንዴ ሐሰንን፣ አንዴ እጇ ላይ ያለውን ሙዝ አየች። ከዚያ ሙዙን ራሷ ላጠችና እየተቆጣች በላችው።

በስድስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ነፋሱ አቧራውን ሲያዞር፣ ሎዛ ጠርሙሱን እያየች ክንዷን አነሣች። አወረደች። ከንፈሯን አሞጠሞጠች።

«ው…» አለች።

ሙሴ እጃቸው መታሰሩን ረስተው ሊነሡ ሲሉ ከነወንበራቸው ወደቁ። ሐሰን መሬት ላይ የወደቁትን ሙሴን ትተው ውሃውን ለልጅቱ አቀረቡ። «እሱ ይነሣል፤ ጠጪ አንቺ!»

በአሥራ ሁለተኛው ቀን «ውሃ» ሙሉ ሆነ። በሃያኛው «ዳቦ»፣ «ኳስ» እና «ሌላ» ተመለሱ። ግን አንድ ነገር የሙሴን እንቅልፍ ነሣቸው። ቃሉ የሚመጣው እጃቸው ሲታሰር ብቻ ነው። ፎጣው በተፈታ ቁጥር ልጅቱ ወዲያው ወደ ክንዷ ትመለሳለች። ይህንኑ ለሉላ ነገሯት።

«ፈተናው ላይ እኔ ካልገባሁስ?» አሉ ሙሴ።

«ያለ እርስዎ ክፍሉ ውስጥ አትገባም ይሆናል። ይገባሉ፤ እጅዎን ታስረው ግን አይደለም። እዚያ ማሰር አይቻልም።»

ነሐሴ ሃያ ሰባት ንጋት ላይ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ገዋኔን አለፉ፣ ሚሌን አለፉ፤ ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ገላፊ የሚወርደው የጭነት መኪና ሰልፍ ማለቂያ የለውም። ሎዛ ጉልበታቸው ላይ ተኛች። ሙሴ መንገዱን ሁሉ የሚያዩት መኪናውን ሳይሆን የራሳቸውን ሁለት እጅ ነበር።

ሰመራ ላይ ሮማነወርቅ ባጃጅ ይዛ ጠበቀቻቸው። ልጇን አቅፋ ስማ ሳትጨርስ ጠየቀች፤ «ስንት ደረሰ አባዬ? አሥራ አምስት? ሃያ?»

«ሰባት።»

«ሰባት? በአሥራ አንድ ሄዳ?»

«አጥፍቻለሁ፣ ሮማን።» ባጃጁ እየነጎደ ሁሉን ነገሯት፤ ክንዱን፣ ስልኩን፣ ፎጣውን። እሷ ወደ ውጭ እያየች ሰማች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈራሁ።»

«አንተ?» አለች፤ ሌላ ቃል እስከ ቤት አልጨመረችም። ያቺን ዝምታ ሙሴ በሕይወታቸው ከሰሙት የፉርጎ ግጭት ሁሉ የበለጠ ሰሟት።

በማግስቱ ጠዋት ሉላ ክፍል ገቡ። ቬንትሌተሩ ሙቀቱን ያማስላል እንጂ አያበርድም። ሙሴ አንድ ጥግ፣ ሮማነወርቅ ግድግዳው ጋ። ሉላ ከልጅቱ ፊት ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች።

«ማንም አይናገር፣ ማንም አይጠቁም» አለች። «ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ እጠብቃታለሁ።»

መጀመሪያ ጠርሙስ አወጣች። ሎዛ ወደ አያቷ አየች፤ ሙሴ እጃቸውን ጭናቸው ሥር ከተቱ። «ውሃ» አለች ሎዛ። አንድ።

ሉላ የሳሙና አረፋ ነፋችና ብልቃጡን ዘጋች። አረፋዎቹ አንድ በአንድ ፈነዱ። ዝም። ዝም። «ሌላ!» ሁለት። ሮማነወርቅ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ሦስተኛው ክዳኑ የጠበቀ የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ ውስጡ ቀይ መኪና ይታያል። ሉላ ሰጠቻት። ሎዛ ጎተተች፣ ነከሰችው፣ መሬት ላይ መታችው። አልተከፈተም። ለዚህ ቃል አልነበራትም። በአዋሽም በሰመራም ማንም አላስተማራትም። ዞረችና አያቷን አየች። ዕቃውን አስቀምጣ ክንዷን ሽቅብ ሰቀለች።

ሙሴ የልጃቸውን ልጅ ዓይን ዓይኗን አዩ። ጭናቸው ሥር ጣቶቻቸው እንደ ተያዘ ዓሣ ይንፈራገጣሉ። ፊታቸውን ማዞር ይችሉ ነበር፤ አላዞሩም። አይተው ሳይመልሱ መቅረት ምን እንደሆነ የሚያውቁት ሰው፣ አይተው አልመለሱም።

ሎዛ ሁለተኛውን ክንድ ጨመረች። መሬቱን በእግሯ ረገጠች። ሉላ ሰዓቷን አየች። ሠላሳ ሰከንድ ቀርቷል። ሃያ። የልጅቱ ፊት ቀላ፤ ዓይኗ ሞላ። ሮማነወርቅ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ሎዛ ክንዶቿን ጣል አደረገች። ወደ ሉላ ዞረች፤ ጣቷን ወደ ሽማግሌው ቀሰረች፤ በሕይወቷ ሙሉ አንድ ቃል ከአንድ ቃል አያይዛ የማታውቀው ልጅ፣

«አባባ እምቢ አለ!» አለች።

 ሉላ ድምፅዋን ሳትቀይር፣ «እና እኔ ምን ላድርግ?» አለች።

ሎዛ ዕቃውን አንሥታ ደረቷ ላይ ገፋችባት። «ክፈቺ!»

ሉላ ከፈተች። ከዚያ ወረቀቷ ላይ መጻፍ ጀመረች። «ሦስት» አለች። «መስከረም ላይ ጠዋት ጠዋት አንደኛ ክፍል፣ ከሰዓት እኔ ዘንድ። ገና ብዙ ይቀረናል። የሚመጣው ክረምት ደግሞ ያለ ስልክ አንድ ቅዳሜ አታልፍም፤ ኔትወርክ ከሌለ አዋሽ ድረስ እመጣለሁ።»

ሙሴ ሊነሡ ሞከሩ፤ እጃቸው ደንዝዞ አልታዘዝ አላቸው። ሮማነወርቅ መጥታ ከጭናቸው ሥር አወጣችላቸው፤ አሸችላቸው። ከዚያም እጃቸውን አልለቀቀችም።

ውጭ በረንዳው ጥላ ላይ ሲደርሱ ሎዛ ቀዩን መኪና ብብቷ ሥር ይዛ እናቷን በቀሚሷ ጎተተቻት። ክሷ አላለቀም።

«አባባ…» አለች፤ ቃል ስትፈልግ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «አባባ… ዳቦ… እምቢ አለ።»

«ዳቦ ከለከለሽ?» አለች ሮማነወርቅ።

«ውሃ እምቢ አለ። ሙዝ… ሙዝ…»

«እውነት ነው አባዬ? ሙዝ ደግሞ ምን…»

«እውነት ነው» አሉ ሙሴ፣ በረንዳው ጠርዝ ላይ እየተቀመጡ። «አታቋርጫት። ትጨርስ።»